ከ11 መስመር ሁለቱን ብቻ ማንበብ

ክቡር አዘጋጅ፦

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ላይ ሕፃናትን ከከባድ ተቅማጥ የሚከላከለው የሮታቫይረስ ክትባት የአንጀት መዘጋት ሊያስከትል ይችላል ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን እንደማንኛውም አንባቢ አንብቤ አለፍኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ልጄ ጋዜጣውን አጥፋ ይዛ መጥታ ከፊቴ ካስቀመጠችው በኋላ ነው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ ማለት ነው? እኔው ራሴ ወስጄ ስላስከተብኩት ነው?» አለችኝ። ልጇ በሰባት ወሩ አንጀቱ ተዘግቶበት ከሞት አፋፍ የተመለሰ ነው። ያንን ሌሊት ካለፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፋችሁት ነገር እሷን መልሶ እዚያ ሌሊት ውስጥ ከተታት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። 31 ዓመት የሕፃናትን ሰገራ ስመረምር ኖሬያለሁ፤ ከዚያም ውስጥ የበዛውን ዘመን ያሳለፍኩት ሮታቫይረስን በማሳደድ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በሙያዬም አውቀዋለሁ፣ በአያትነቴም ቀምሼዋለሁ። ጽሑፋችሁ ውሸት ነው አልልም። የጎደለው ነገር ስለበዛ ግን እውነቱ ተጣሟል፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከትንሿ እርማት ልጀምር። ጽሑፋችሁ «መርፌ» ይላል። የሮታቫይረስ ክትባት መርፌ አይደለም፤ በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው። የቃላት ጭቅጭቅ እንዳይመስላችሁ። ጠብታ የሆነው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነና ሥራውንም የሚሠራው እዚያው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ነው። የአንጀት ጉዳይ ከዚህ ክትባት ጋር አብሮ የሚነሣውም ለዚሁ ነው።

ከባዱ እርማት የቁጥርና የቀን ነው። ክትባቱ በጣም ጥቂት ሕፃናት ላይ ይህን ችግር ሊያስከትል መቻሉ እውነት ነው። በተለያዩ አገሮች በተደረገ ክትትል፣ ከ100,000 የተከተቡ ሕፃናት መካከል ከ1 እስከ 6 የሚሆኑ ተጨማሪ ታማሚዎች ታይተዋል። በሰባት የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የታተመው ጥናት ደግሞ ከክትባቱ ጋር የተያያዘ ተጨማሪ አደጋ አላገኘም። አደጋው በታየባቸው አገሮችም ጎልቶ የታየው በተለይ ከመጀመሪያው ጠብታ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ነው። ክትባቱ ባልነበረበት ዘመንም ሕመሙ ነበር። በዓለም ደረጃ ሲታይ ዓመት ካልሞላቸው 100,000 ሕፃናት መካከል በአማካይ 74 ያህሉን ይይዛል፤ የሚበረታውም ከአምስት እስከ ሰባት ወር ባለው ዕድሜ ነው። የልጅ ልጄ የመጨረሻውን ጠብታ የወሰደው ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላው ነበር። የታመመው በሰባት ወሩ ነው። በመካከሉ ከመቶ ቀን በላይ አለ። ልጄ ይህን ጋዜጣችሁ ላይ አግኝታው ቢሆን ኖሮ ያን ጥያቄ ይዛ አትመጣም ነበር።

ሕመሙ ራሱ ምን እንደሆነም አልገለጻችሁትም። ሐኪሞች ኢንተሰሰፕሽን ይሉታል። አንዱ የአንጀት ክፍል ከፊቱ ባለው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ሹራብ ስናወልቅ እጅጌው ወደ ውስጥ ተሰብስቦ እንደሚገባው ማለት ነው። በሕፃናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው የትንሹ አንጀት ጫፍ ነው፤ የሚገባውም ወደ ትልቁ አንጀት ነው። ሲገባ የደም ሥሮቹን አብሮ ይጎትታል። ደሙ መመለሻ ሲያጣ አንጀቱ ያብጣል፣ ከውስጥ ይደማል፤ ከቆየም ይሞትና ይበሳል። ሰዓታት የሚወስኑት ነገር ነው።

የልጅ ልጄ ያን ሌሊት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ድንገት ጮኸ። የርሃብ ለቅሶ አልነበረም፤ የእንቅልፍም አልነበረም። ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፣ ፊቱ ነጣ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጮኾ ዝም አለ። ዝም ሲል ምንም ያልነካው ይመስል ነበር፤ እንዲያውም ፈገግ አለልኝ። ሆዱን ነፍቶት ነው ብዬ ጀርባውን አሸሁለት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው ጩኸት ተመለሰ። ደግሞ ጸጥታ። ደግሞ ጩኸት። ይህን መጥቶ የሚሄድ ሕመም ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስንት ጊዜስ ስለሱ ሲነገር ሰምቻለሁ። ያን ሌሊት ግን አያት ብቻ ነበርኩ።

እኩለ ሌሊት ላይ የጠባውን ሁሉ አስመለሰ። ቀጥሎ የወጣው አረንጓዴ ነበር። ያኔ ተነሥተን ወጣን። መጀመሪያ የደረስንበት ተረኛ ሐኪም ልጁን ያየው በጸጥታው ሰዓት ነው። ሆዱ ለስላሳ ነበር፤ ትኩሳትም አልነበረውም። «ጥርስ ሊያወጣ ይሆናል» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ጻፈልን። ሃያ ደቂቃ ቢያስቆየን ኖሮ ጩኸቱን በጆሮው ይሰማው ነበር። ወጣቱን አልረግመውም፤ ብርቅ ነው ተብሎ የተማረውን ነገር በእኩለ ሌሊት የሚጠረጥር ጥቂት ነው። እኔም ሙያዬን ጠቅሼ «አልትራሳውንድ ይታይልን» አላልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሊነጋጋ ሲል የሽንት ጨርቁን ስንቀይር ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነገር አየን። ልጁ በዚያ ሰዓት መጮኽም ትቷል። ፈዝዟል፤ ስንጠራው ዓይኑን በደንብ አይገልጥም። ይህ ፍዘት ከጩኸቱ ይልቅ እንደሚያስፈራ ወላጆች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ። ብዙዎች «ተሻለው፣ ተኛ» ብለው የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሆስፒታል ሄድን። የተቀበለችን ሐኪም የሆዱን ቀኝ ጎን ቀስ ብላ ዳሰሰችና እጇ እዚያው ቆመ። በቀጥታ ወደ አልትራሳውንድ ወሰደችን። ስክሪኑ ላይ በክብ ውስጥ ክብ ታየ፤ ልክ የተኩስ መለማመጃ ዒላማ። «እናቴ፣ አንጀቱ ገብቷል፤ ግን አልረፈደም» አለችኝ።

ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም። በፊንጢጣው በኩል በቀጭን ቱቦ አየር በተለካ ግፊት እያስገቡ የገባውን አንጀት ወደ ኋላ ገፉት። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ በ1876 በውኃ ግፊት ይህንኑ ሲያደርጉ እንደነበር ጽፈዋል። ዛሬ ልምድ ባለበት ቦታ፣ በጊዜ ከደረሱ አሥር ሕፃናት ስምንቱ ወይም ከዚያ በላይ ቢላዋ ሳይነካቸው ይድናሉ። የእኛ ልጅ በሁለተኛው ሙከራ ተፈታለት። ከአሥር ሕፃናት በአንዱ ገደማ ስለሚመለስ አስተኝተው ተከታተሉት። አልተመለሰበትም።

ልጁ ከተረፈ በኋላ ነው ሙያዬ ወደ እኔ የተመለሰው። ነርሷን «የሰገራው ናሙና ተወስዷል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለምን እናቴ? ተቅማጥ እኮ የለውም» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ማንም እንድትወስድ አላዘዛትም። የሽንት ጨርቁ ተጥሏል። መዝገቡ ላይ «ኢንተሰሰፕሽን፣ በአየር ተመለሰ» ተብሎ ተጽፎ ተዘጋ። ከምን መጣ የሚል መስመር ቅጹ ላይ የለም። ክቡር አዘጋጅ፣ ደብዳቤዬ በዋናነት ስለዚያ ስላልተወሰደ ናሙና ነው።

አዋቂ ሰው ይህ ሕመም ሲይዘው፣ እሱም አልፎ አልፎ ብቻ የሚሆን ነው፣ ብዙውን ጊዜ አንጀቱ ውስጥ እብጠት ወይም ዕጢ ይገኛል። በሕፃናት ላይ ግን ከአሥሩ በዘጠኙ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም። ደጋግሞ የሚታየው የትንሹ አንጀት ጫፍ ላይ ያሉት የመከላከያ ንፍፊቶች ማበጥ ነው። ያበጠውን ንፍፊት አንጀቱ እንደ ምግብ ቆጥሮ ወደፊት ይገፋዋል፤ ግድግዳውም አብሮ ይሳባል። ንፍፊት ደግሞ በዋዛ አያብጥም፤ የሚያብጠው ከእንግዳ ጋር ሲታገል ነው። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ከሌሎቹ ቫይረሶች ሁሉ ይልቅ ደጋግመው የሚጠቁሙት አዴኖቫይረስን ነው።

ነገር ግን «አዴኖቫይረስ» የአንድ ቫይረስ ስም አይደለም። በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕፃናት ጉሮሮ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ንፍፊት ውስጥ ከተገኘ ወዲህ እጅግ ብዙ ዓይነቶች ተለይተዋል። ቁጥር 40 እና 41 የሚባሉት ተቅማጥ ያመጣሉ። ከአንጀት መግባት ጋር ስማቸው የሚነሣው ግን ሌሎች ናቸው፤ 1፣ 2፣ 5 እና 6 የሚባሉት፣ በምድባቸው ሲ የሚሰኙት። ናሙናው ላቦራቶሪ ቢደርስ እንኳ «አዴኖ ፖዘቲቭ» ብለን ጽፈን የምንመልስ ከሆነ፣ ገበያ መሐል ቆመን ከቤተሰቡ አንዱን ለመጥራት የአባቱን ስም ብቻ እንደጮኽን ነው። የዚህ ቫይረስ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የዘር መልእክቱ፣ ወደ 35,000 ፊደል ያለው ዲኤንኤ ነው። ሁለት ዓይነቶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ ከጂኖማቸው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ አንዱን ቦታ ብቻ ያነበበ ሰው «ይህ 2 ነው» ሲል፣ ሌላውን ቦታ ያነበበ «አይደለም፣ 5 ነው» ሊል ይችላል፤ ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ሆነው።

ሌላም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። የሲ ምድብ ቫይረሶች በጉሮሮና በአንጀት ንፍፊት ውስጥ ተደብቀው ይቆያሉ፤ ጤነኛ ልጅም ለወራት በሰገራው ሊያወጣቸው ይችላል። ከታመመ ልጅ ሰገራ ውስጥ ተገኘ ማለት አሳመመው ማለት አይደለም። በተመሳሳይ ዕድሜ ያለ፣ በተመሳሳይ ሰሞን የተወሰደ የጤነኛ ልጅ ናሙና ጎን ለጎን ካልቀረበ ፍርዱ የአንድ ወገን ምስክር ብቻ የሰማ ዳኛ ፍርድ ይሆናል።

ጂኖምን ሙሉውን ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ከሮታቫይረስ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ሮታቫይረስን በ1973 ሜልቦርን ውስጥ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው በተቅማጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት በተወሰደ ቁራጭ ሽፋን ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ክብ፣ ዙሪያውን ጨረር ያለው፣ ጎማ የመሰለ ነበር፤ ስሙም «ሮታ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፣ መንኮራኩር ማለት። ጂኖሙ አንድ ወጥ ክር አይደለም። በ11 የተከፋፈለ ድርብ አርኤንኤ (እንደ ዲኤንኤ የዘር መልእክት የሚይዝ) ነው፤ ሲደመር 18,500 ያህል ፊደል። ሥራ ስጀምር አርኤንኤውን ከሰገራው አውጥተን ጄል በሚባል የረጋ ስስ ሽፋን ላይ እናስቀምጥና ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ እናሳልፍበት ነበር። ጠዋት ጄሉን በብር ማቅለሚያ ስናጥበው 11ዱ ክፍሎች ቡናማ መስመሮች ሆነው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ከላይ አራት፣ ከሥራቸው ሁለት፣ ቀጥሎ ተጠጋግተው ሦስት፣ ከታች ሁለት። አራት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። ይህን ሥርዓት ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። አንዳንዱ ጄል ላይ አሥራ አንደኛው ክፍል ከቦታው ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያንን «አጭር» እንለው ነበር፣ የተለመደውን «ረጅም»። ሁለቱ የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። በ2008 የታተመ የሙሉ ጂኖም ንጽጽር እንዳሳየው አንደኛው ቤተሰብ ከአሳማ ሮታቫይረስ፣ ሌላው ከከብት ሮታቫይረስ ጋር የጋራ ምንጭ አለው።

ከዚያ ፒሲአር መጣ፤ የተመረጠ የጂኖም ቁራጭ አባዝቶ የሚለይ ዘዴ ነው። ከ11ዱ ሁለቱን ብቻ፣ የቫይረሱን የውጭ ሽፋን የሚሠሩትን ክፍሎች ማንበብ ጀመርን፤ አንዱን ጂ፣ ሌላውን ፒ ብለን። «ጂ1 ፒ8» ብለን ጽፈን ወደሚቀጥለው ናሙና። ፈጣን ስለነበር ወደድነው። ጄሉ ጥግ ላይ አቧራ ጠጣ።

ግን ሁለት ሮታቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ 11ዱን ክፍሎች እንደ ካርታ ይበውዟቸዋል። የሚወጣው ቫይረስ የአንዱን ልብስ ለብሶ የሌላውን ሰውነት ይዞ ሊሆን ይችላል። በ2012 ጃፓን ውስጥ የታየው ይኸው ነው። በፒሲአር ሲታይ ለዓመታት የምናውቀው ጂ1 ፒ8 የሆነ ቫይረስ፣ ጄል ላይ «አጭር» ሆኖ ወጣ። ሙሉው ሲነበብ ሁለቱ የውጭ ክፍሎች ብቻ ናቸው የድሮዎቹ፤ ዘጠኙ የሌላው ቤተሰብ ሆነው ተገኙ። በሁለቱ ክፍሎች ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ምንም አዲስ ነገር የለም። ያን ዘገባ ያነበብኩ ቀን ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ ተነሥቼ ወደ ማቀዝቀዣው ሄጄ «ጂ1 ፒ8» ብዬ የጻፍኩባቸውን ቱቦዎች ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየኋቸው። የትኞቹ ምን እንደነበሩ ማወቂያ አልነበረኝም። ከብወዛው ሌላ ደግሞ ፊደሎቹ ራሳቸው አይረጉም፤ የውጭውን ሽፋን በሚሠራው ዘረመል ከ1,000 ፊደል አንድ ወይም ሁለት ያህሉ በየዓመቱ ይለወጣሉ።

ጽሑፋችሁም ያደረገው ይህንኑ ነው። «ክትባት» እና «የአንጀት መዘጋት» የሚሉትን ሁለት መስመሮች አነበበ። ስንት ቀን፣ በስንት ዕድሜ፣ ከስንት ሕፃናት፣ ክትባቱ ባይኖርስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚሉት ዘጠኙ መስመሮች ሳይነበቡ ቀሩ።

የሮታሺልድን ታሪክ መጥቀሳችሁ ተገቢ ነው፤ አጠቃቀሳችሁ ግን በቂ አይደለም። ሮታሺልድ በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ የመጀመሪያው የሮታቫይረስ ክትባት ነው። የተሠራውም በዚያው ብወዛ ነበር። በውስጡ ካሉት አራት ቫይረሶች አንዱ ሙሉ በሙሉ የሪሰስ ጦጣ ነው፤ ሦስቱ ደግሞ አሥር ክፍላቸው የጦጣ፣ አንዱ ብቻ የሰው። ከመፈቀዱ በፊት በተደረጉት ሙከራዎች ክትባቱን ከወሰዱ 10,054 ሕፃናት መካከል አምስቱ፣ ካልወሰዱ 4,633 መካከል አንዱ አንጀታቸው ገብቶ ነበር። በስሌት ሲታይ ልዩነቱ ለፍርድ የሚያበቃ አልነበረም። ቢሆንም አልተደበቀም፤ ተጻፈ፣ ይከታተሉት ተባለ። በጁላይ 1999 ለመንግሥት የክትትል መዝገብ 15 ሕፃናት ሪፖርት ሲደረጉ ክትባቱ እንዲቆም ተመከረ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከገበያ ወጣ። አደጋው በኋላ ሲሰላ ከ10,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ነበር። ክብር የሚገባቸው እነዚያን 15 ወረቀቶች የሞሉ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ያዩት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ብርቅ ነው ብለው አልተዉትም።

የሚቀጥለውን ክፍል ግን አልጻፋችሁትም። ሮታሺልድ ከወጣ በኋላ እስከ 2006 ድረስ በስፋት የሚሰጥ ምትክ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ሮታቫይረስ በዓለም ላይ በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ይገድል ነበር። ምትኮቹ ሁለት ሆነው የመጡት በጣም ትልልቅ ሙከራዎች ከተደረጉ በኋላ ነው፤ አንደኛው ከ63,000 በላይ፣ ሁለተኛው ወደ 70,000 ሕፃናትን አሳትፏል። በመጀመሪያው ክትባቱን ከወሰዱት ስድስት፣ ካልወሰዱት ሰባት ሕፃናት አንጀታቸው ገባ፤ በሁለተኛው ስድስት ለአምስት። ከላይ የጠቀስኩት ከ1 እስከ 6 የሚደርሰው ትንሽ አደጋ የታየው ከዚያም በኋላ ሚሊዮኖች ሲከተቡ፣ መቁጠሩ ባለመቋረጡ ነው። በ2013 የሟቾቹ ቁጥር ወደ 215,000 ወርዶ ነበር። ለቅነሳው ክትባቱ ብቻውን አይመሰገንም፤ ድርሻው ግን ትልቅ ነው።

እኔ በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ በየጠዋቱ የሚመጡልኝን ናሙናዎች አስታውሳለሁ። ከጥያቄ ወረቀቱ ጋር አብሮ ዕድሜ ይጻፋል፤ ስድስት ወር፣ ዘጠኝ ወር፣ አሥራ አንድ ወር። ውጤቱን ይዤ ስወጣ አንዳንዴ ወረቀቱን የሚቀበለኝ አይኖርም ነበር፤ አልጋው ባዶ ሆኗል። በተቅማጥ የሞተ ሕፃን ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ብዙ ስለሆነ። አንጀቱ የገባው ይወጣል፤ ብርቅ ስለሆነ። ሁለቱንም አይቻለሁና ሁለቱም ይቆጠሩ ነው የምለው።

አሁን የምጠይቀውን ልናገር። አንጀቱ ገብቶበት የመጣ ሕፃን ሁሉ፣ አየሩ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከሽንት ጨርቁ ላይ የማንኪያ ጫፍ የምታህል ሰገራ ትወሰድለት። ሰገራ ከሌለ በጥጥ ዘንግ ከፊንጢጣው ይጠረግ። ይህ ሕክምናውን አንዲት ደቂቃ ማዘግየት የለበትም፤ ልጁ ይቀድማል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ዕድሜ ለሌላ ጉዳይ ከመጣ ልጅም፣ ወላጅ ፈቅዶ፣ ሁለተኛ ናሙና ይወሰድ። ሁለቱም ብርቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግቡ። አዴኖም ሆነ ሮታ ሲገኝ ስሙን ጽፎ መዝጋት ይቅር፤ ጂኖሙ ሙሉውን ይነበብ። ጄል ስናጥብ ባደግንበት ዘመን ይህ ሕልም ነበር፤ ዛሬ የማንበቢያው መሣሪያ ከእጅ መዳፍ እስከማይበልጥ ድረስ አንሷል። የጎደለው በቀዶ ሕክምናው ክፍልና በእኛ ክፍል መካከል የሚመላለስ ሰው ነው። በ31 ዓመት ውስጥ ከቀዶ ሕክምና ክፍል አንድም ናሙና ወደ እኔ ጠረጴዛ አልመጣም። እኔም ወጥቼ አልጠየቅሁም፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው እነሱን ለመክሰስ አይደለም። ብርቅ ሕመም አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ነው። ጥቂቱ ከጥቂቱ ጋር ካልተደመረ ማንም ምንም ሊያይ አይችልም።

ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው እትማችሁ፣ ያ ጽሑፍ በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ፣ ምልክቶቹን አትሙልን። መጥቶ የሚሄድ ድንገተኛ ጩኸት፣ ጉልበትን ወደ ሆድ መሰብሰብ፣ በየመካከሉ ጸጥታ። ማስመለስ፣ በተለይ አረንጓዴ። ደምና ንፍጥ ያለበት ሰገራ። ምክንያቱ የማይታወቅ ፍዘት። ሁሉም አንድ ላይ እስኪታዩ አይጠበቅም፤ አንድ ላይ የሚታዩት በጥቂቶች ነው፤ ደሙ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ወላጅ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ላይ ከሆነ፣ «አሁን ጸጥ ብሏል እንጂ በየሩብ ሰዓቱ ይጮኻል» ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገር። እኔ ያላልኩት ይህን ነው። ጠብታውን በቅርብ ቀን የወሰደ ልጅ ከሆነ ቀኑንም ይናገር፤ መዝገብ ላይ ይጻፍ። መጻፉ ክትባቱን አይጎዳውም።

በናሙናው ቱቦ ላይ መጻፍ ያለበትን እኔ እንዲህ አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ፤ የሚፈልግ ባለሙያ ይውሰደው፦ የልጁ ዕድሜ በሳምንት፣ የእያንዳንዱ ጠብታ ቀን፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት፣ አንጀቱ የገባበት ቦታ፣ በአየር ተመለሰ ወይስ በቀዶ ሕክምና።

ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ለልጄ ሰጥቻት አነበበችው። መቶ ቀኑን ራሷ በጣቷ ቆጥራ አረጋገጠች። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥታ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አሰመረች፤ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ» ያልኩበት ላይ። «ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር፣ እማዬ። ሰዓቱን አይቼዋለሁ» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች የላቦራቶሪ ባለሙያ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)